ፍላሽዎ ሾርትከት ብቻ ሲያሳይ፦ የተደበቀ ፋይልን በኮማንድ ፕሮምፕት ማስመለስ

ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ሆነው ከተገኙ፣ ፋይሉ በአብዛኛው አልጠፋም፤ ተደብቋል። የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ደንግጦ ፎርማት ያደርጋል። ሌላው ሾርትከቱን ደጋግሞ እየከፈተ ቫይረሱን ወደ ራሱ ላፕቶፕ ያስገባል። ብዙው ደግሞ በቴሌግራም የተላከለትን አንድ መስመር ትእዛዝ ለጥፎ «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ትእዛዙ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው በቅደም ተከተሉ፣ በድራይቩ ፊደል ወይም በአንዲት ስፔስ ላይ ነው።

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ዙሪያ፣ በመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን፣ አንድ የማተሚያ ኮምፒውተር ከጠዋት እስከ ማታ የተማሪ ፍላሽ ሲሰካበት ይውላል። አንዱ ይዞት የመጣውን ቫይረስ ሌላው ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ሥራ ፍላሽዎ በተበከለበት ኮምፒውተር ላይ አይሥሩ። ቤት ይውሰዱት፤ ወይም ንጹሕ መሆኑን በሚያውቁት ላፕቶፕ ላይ ይሥሩት። መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ ዊንዶውስ 7 ላይም ትእዛዞቹ ያው ናቸው።

ከመነካካትዎ በፊት

ሾርትከቶቹን አይክፈቱ። ሾርትከቱ ሲከፈት መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፤ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ከፍቶ ያሳያል። ፎልደሩ ስለሚከፈት ሰው ምንም እንዳልሆነ ቆጥሮ ሥራውን ይቀጥላል፤ ቫይረሱም ላፕቶፑ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል።

ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ ካንስል ይበሉ። ፋይሉ ተመልሶ እስኪረጋገጥ ድረስ ፍላሹ ላይ ምንም አዲስ ነገር አይጫኑ።

ከዚያ ፋይሉ መኖሩን ያረጋግጡ። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ዲስ ፒሲ የሚለውን ይክፈቱ፤ ፍላሹን በቀኝ ክሊክ ተጭነው ፕሮፐርቲስ ይበሉ። ዩዝድ ስፔስ የሚለውን ቁጥር ያንብቡ። አንድ ሾርትከት 1 ወይም 2 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አሥር ሾርትከት ብቻ የሚያሳየው ፍላሽ 3 ጊጋባይት ተይዟል ካለ፣ ያ 3 ጊጋባይት የእርስዎ ፋይል ነው፤ ይቀጥሉ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ግን ፋይሉ ተሰርዟል፤ ከታች ያሉት ትእዛዞች አይመልሱትም። ያኔ ፍላሹን ነቅለው ያስቀምጡ፤ ሬኩቫን የመሰለ የተሰረዘ ፋይል ፈላጊ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጭነው ይሞክሩ። ፕሮግራሙን በፍላሹ ላይ አይጫኑ፤ የተገኘውንም ፋይል እዚያው ፍላሽ ላይ አያስቀምጡ።

የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ያለው ይፈልጉ። ግልበጣው መሐል መብራት ከሄደ ግማሽ ፋይል ይዘው ይቀራሉ፤ ፍላሹም ሊበላሽ ይችላል።

ትእዛዞቹን እንዴት እንደሚያነቡ

ትእዛዞቹ እዚህ የተጻፉት ለሰው በስልክ ፊደል በፊደል እንደሚነገረው ነው። እያንዳንዱ የፊደል ስም አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፦ «ዲ አይ አር» ሲል ሦስት ፊደላት ተያይዘው ይጻፋሉ። ስፔስ የሚል ቃል ባለበት ብቻ ረጅሙን ቁልፍ አንዴ ይጫኑ፤ ሌላ ቦታ ክፍተት አይተዉ። ሦስቱን የሚያምታቱ ድምፆች ይለዩ፦ «ኤ» የመጀመሪያው ፊደል፣ «ኢ» አምስተኛው፣ «አይ» ዘጠነኛው ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለውጥ አያመጣም።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

- / ስላሽ፤ ከጥያቄ ምልክት ጋር ያለው ቁልፍ።
- \ ወደ ኋላ ያዘመመው ስላሽ፤ ብዙ ኪቦርድ ላይ ከኢንተር በላይ ያለው።
- - ሰረዝ፤ ከዜሮ ቀጥሎ ያለው።
- : ኮለን፤ ሺፍት ተይዞ ከኤል ቀጥሎ ያለው።
- * ኮከብ፤ ሺፍት እና 8። ትርጉሙ «ሁሉም» ነው።

በእጅዎ ይጻፉ፤ አይለጥፉ። ትእዛዝ በቴሌግራም ወይም በዎርድ ሲያልፍ አጭሯ ሰረዝ ብዙ ጊዜ ወደ ረጅም ሰረዝ ትቀየራለች። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው።

ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ የአማርኛ መጻፊያ ከተከፈተ ይዝጉት። የዊንዶውሱን የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ የሚጠቀሙ ከሆነ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው ስፔስ በመጫን ወደ እንግሊዝኛ ይመለሱ። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ላይ ሲጽፉ ሣጥን ሣጥን ወይም የጥያቄ ምልክት የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩ ራሱ ንጹሕ መሆኑን ይፈትሹ

የተበከለው ፍላሽ ተሰክቶ ከሆነ ለጊዜው ይንቀሉት። ሌላ ባዶ ፍላሽ ይሰኩ፤ አንድ የማይፈልጉትን ፎልደር ይገልብጡበት፤ ነቅለው መልሰው ይሰኩት። ፎልደሩ ሾርትከት ሆኖ ከመጣ ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ያንን ሳያስተካክሉ ከቀጠሉ ደረጃ 5 ላይ ፋይልዎ ብቅ ይልና በሰከንዶች ውስጥ ተመልሶ ይደበቃል። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በብዛት እዚህ ጋ ነው።

ከእነዚህ ቫይረሶች ብዙዎቹ በዊንዶውስ የስክሪፕት ማስኬጃ አማካይነት ይሠራሉ። እሱን ለማስቆም ኮማንድ ፕሮምፕቱን በደረጃ 2 እንደተገለጸው ከፍተው ይህን ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ፦

ቲ ኤ ኤስ ኬ ኬ አይ ኤል ኤል ስፔስ /ኤፍ ስፔስ /አይ ኤም ስፔስ ደብሊው ኤስ ሲ አር አይ ፒ ቲ.ኢ ኤክስ ኢ

ሰክሰስ ካለ ሲሠራ የነበረ ነገር ቆሟል ማለት ነው። ኖት ፋውንድ ካለ መጀመሪያውኑ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ይህ ትእዛዝ የሚያቆመው ኮምፒውተሩ ተዘግቶ እስኪከፈት ነው። ቀጥሎ የማይክሮሶፍት ዲፌንደርን ፉል ስካን ያስጀምሩ፤ ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ በሚለው ክፍል የማያውቁት ነገር ካለም ዲሴብል ያድርጉ። ስካኑ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ንጹሕ ላፕቶፕ መዋስ የሚቻል ከሆነ እሱ ይቀላል።

ደረጃ 2፦ መስኮቱን ይክፈቱ

1. የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው አር ይጫኑ። ራን የሚል ትንሽ ሣጥን ይወጣል።
2. ሲ ኤም ዲ ብለው ይጻፉ፤ ኢንተር ይጫኑ።
3. ጥቁር መስኮት ይከፈታል። የመጨረሻው መስመር በሲ: ጀምሮ የእርስዎን የተጠቃሚ ስም ይዞ በ > ምልክት ያልቃል።

ይህን መስመር መጀመሪያ ማንበብ ይልመዱ። «አሁን የቆሙት እዚህ ነው» የሚለው እሱ ነው፤ የሚጽፉት ትእዛዝም የሚፈጸመው እዚያው ነው። ከዚህ በኋላ ኢንተር ከመጫንዎ በፊት ሁልጊዜ ይህን መስመር ይዩ።

መስመሩ በፒ ኤስ ፊደላት ከጀመረ የተከፈተው ፓወርሼል ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ የስታርትን ቁልፍ በቀኝ ክሊክ ተጭነው ተርሚናል የሚለውን የሚከፍቱ ሰዎች የሚደርሱት እዚህ ነው። ከታች ካሉት ትእዛዞች አንዳንዶቹ እዚያ በተጻፉበት መልክ አይሠሩም። መዝጋት አያስፈልግም፤ እዚያው ላይ ሲ ኤም ዲ ብለው ኢንተር ሲጫኑ ፒ ኤስ የሚለው ይጠፋል።

«ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» አይበሉ። ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ አደጋም አለው። በአድሚኒስትሬተር ሲከፈት መስኮቱ የሚነሣው ከዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች መሐል፣ ሲስተም 32 ከሚባለው ፎልደር ነው። እዚያ ቆመው ወደ ፍላሹ የተሻገሩ መስሎዎት የማጥፊያ ትእዛዝ ከሰጡ ጉዳቱ የሚደርሰው በዊንዶውሱ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ወደ ፍላሹ ይሻገሩ

ፍላሹን ይሰኩ። በራሱ የሚከፈት መስኮት ከመጣ ይዝጉት። ዲስ ፒሲ ውስጥ ከፍላሹ ስም ቀጥሎ በቅንፍ ያለውን ፊደል ይዩ። ኢ ነው እንበል። እንግዲህ ይጻፉ፦

ኢ:

ኢንተር ይጫኑ። መስመሩ አሁን ኢ:\> መሆን አለበት። የእርስዎ ፍላሽ ኤፍ ወይም ጂ ከሆነ በኢ ፈንታ ያንን ይጻፉ፤ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንደዚያው ነው።

በጣም የተለመደው ስሕተት ከፊቱ ሲ ዲ ጨምሮ «ሲ ዲ ስፔስ ኢ:» ብሎ መጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ አይቃወምም፤ ኢ:\ ብሎ አንድ መስመር ያሳይና እዚያው ሲ ላይ ይተውዎታል። ሰው ያችን መስመር አይቶ የተሻገረ ይመስለዋል። ሲ ዲ የሚያገለግለው በአንድ ድራይቭ ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር ለመሄድ ነው፤ ከድራይቭ ወደ ድራይቭ የሚያሻግረው ፊደሉና ኮለኑ ብቻ ነው።

«ካኖት ፋይንድ ዘ ድራይቭ» ካለ ፊደሉን ተሳስተዋል። «ኖት ሬዲ» ካለ ባዶ የካርድ ማስገቢያ ላይ ነዎት፤ ወይም ፍላሹ በደንብ አልገባም። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ያለውን ቀዳዳ ትተው ከኋላ ባለው ላይ ይሰኩ።

ደረጃ 4፦ ከመንካትዎ በፊት ይመልከቱ

ዲ አይ አር

ይህ የሚታየውን ብቻ ይዘረዝራል፤ ሾርትከቶቹን ያያሉ። አሁን የተደበቀውንም ጨምሮ እንዲያሳይ ይዘዙት፦

ዲ አይ አር ስፔስ /ኤ

ዝርዝሩን ቀስ ብለው ያንብቡ። እያንዳንዱ መስመር ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ ስም አለው። እውነተኛ ፎልደር ከሆነ በመጠኑ ቦታ ላይ በሁለት ቀስት ቅንፍ መሐል ዲ አይ አር የሚሉ ፊደላት አሉበት። ሾርትከት ከሆነ መጠኑ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ስሙም በነጥብ ኤል ኤን ኬ ያልቃል። በማውስ ሲያዩት የፎልደር ሥዕል የለበሰ፣ እዚህ ግን ስሙ በነጥብ ኢ ኤክስ ኢ የሚያልቅ ነገር ካለ እሱ ፎልደር አይደለም፤ ፎልደር መስሎ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። ጥቁሩ መስኮት ሥዕል ስለማያሳይ በሥዕል አያታልልም፤ ለዚህ ሥራ ከማውስ የሚሻለውም ስለዚህ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ፎልደር ነው የሚል ምልክት ያለው፣ በስሙ ቦታ ግን ምንም ያልተጻፈበት መስመር ካገኙ አይደንግጡ። አንዳንዱ ቫይረስ ፋይሎቹን ሁሉ ስሙ በዓይን በማይታይ ፊደል ወደተሰየመ አንድ ፎልደር ይሰበስባቸዋል። የእርስዎ ፋይል ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ስፔስ በመጫን ሊገቡበት አይችሉም፤ ፊደሉ ተራ ስፔስ አይደለምና። ደረጃ 7 ላይ እናወጣዋለን።

ስማቸው በአማርኛ የሆኑ ፋይሎች ሣጥን ሣጥን ሆነው ቢታዩ የመስኮቱ ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ፋይሉ ደህና ነው።

ዝርዝሩ ረዝሞ ከላይ ካለፈብዎ «ዲ አይ አር ስፔስ /ኤ ስፔስ /ፒ» ይበሉ፤ ገጽ በገጽ እየቆመ ያሳያል።

ደረጃ 5፦ መደበቂያውን ያንሡ

መስመሩ ኢ:\> መሆኑን እንደገና ያንብቡ። ሲ: ካለ ያቁሙ፤ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ። ይህ ትእዛዝ ሲ ላይ ከተሰጠ የኮምፒውተሩን የራሱን ፋይሎች መደበቂያ ማንሣት ይጀምራል። በስሕተት ከጀመረ ኮንትሮልን ይዘው ሲ ይጫኑ፤ ይቆማል።

ኤ ቲ ቲ አር አይ ቢ ስፔስ -ኤስ ስፔስ -ኤች ስፔስ -አር ስፔስ *.* ስፔስ /ኤስ ስፔስ /ዲ

እያንዳንዱ ቁራጭ ሥራ አለው፤ አንዱን ከተዉ ውጤቱ ይጎድላል።

- -ኤስ «የሲስተም ፋይል ነው» የሚለውን ምልክት ያነሣል።
- -ኤች «የተደበቀ ነው» የሚለውን ያነሣል።
- -አር «ለማንበብ ብቻ» የሚለውን ያነሣል።
- *.* ያለውን ሁሉ ማለት ነው።
- /ኤስ በውስጥ ያሉትንም ፎልደሮች እንዲያዳርስ ያዛል።
- /ዲ ፎልደሮቹን ራሳቸውንም እንዲነካ ያዛል። ይህ ከቀረ የሚገለጡት ፋይሎች ብቻ ናቸው፤ ፎልደሩ እንደተደበቀ ይቀራል።

ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ አብረው መነሣት አለባቸው። ቫይረሱ ፎልደሩን የሚደብቀው በሁለቱም ምልክት ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብርተው ምንም ያላዩ ሰዎች የሚቸገሩት በዚህ ነው፤ ያ ምርጫ በኤች ብቻ የተደበቀውን ያሳያል እንጂ ኤስ የተጨመረበትን አያሳይም። ትእዛዙን በ-ኤች ብቻ ቢሰጡም «ኖት ሪሴቲንግ ሲስተም ፋይል» ብሎ ያልፈዋል፤ ኤስ እያለ ኤች አይነሣም።

ሥራው ሲሳካ መስኮቱ ምንም አይልም። «ተጠናቀቀ» የሚል ቃል አይጠብቁ። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ይቆያል፤ ፋይሉ ብዙ ከሆነ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። አዲስ ኢ:\> መስመር ሲመጣ አልቋል። ከዚያ በፊት መስኮቱን አይዝጉ፤ ፍላሹንም አይንቀሉ።

እምቢ ካለ፦

- «ኖት ሪኮግናይዝድ» ካለ የመጀመሪያውን ቃል ተሳስተዋል። ቲው ሁለት ጊዜ ነው። ወይም ከቃሉ በኋላ ያለችውን ስፔስ ዘልለዋል።
- «ኢንቫሊድ ስዊች» ወይም «ፓራሜተር» የሚል ቃል ያለበት መልእክት ከመጣ ሰረዙ ከፊደሉ ተለያይቷል፣ ሰረዙ ረጅሙ ነው ወይም የስላሹ አቅጣጫ ተገልብጧል። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ይጫኑ፤ የጻፉት መስመር ይመለስልዎታል። የተሳሳተውን ብቻ ያርሙ።
- «አክሰስ ዲናይድ» ሲስተም ቮሊውም ኢንፎርሜሽን በሚባለው ፎልደር ላይ ብቻ ከመጣ ችላ ይበሉት፤ የዊንዶውስ ነው፤ አይንኩት። በሌሎችም ላይ ከመጣ ከፍላሹ የተከፈተ ፋይል ካለ ዘግተው ይድገሙ።
- «ራይት ፕሮቴክትድ» ካለ፣ የሚጠቀሙት በማቀፊያ የገባ ሚሞሪ ካርድ ከሆነ በማቀፊያው ጎን ያለችውን መቆለፊያ ወደ ላይ ይግፉ። ተራ ፍላሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ እያረጀ ነው፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ይሂዱ፤ በዚያ ያለው መገልበጫ የተደበቀንም ይወስዳል።
- «ኮራፕትድ ኤንድ አንሪደብል» ካለ ችግሩ ቫይረስ አይደለም፤ የፍላሹ መዝገብ ተበላሽቷል። ሊነበብ የሚችለውን መጀመሪያ ይገልብጡ። የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ ከዚያ በፊት አያስኬዱ፤ የተበጣጠሰ ፋይል ሲያገኝ ስሙን አጥፍቶ በቁጥር ብቻ ሊያስቀምጠው ይችላል።

አሁን ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ፎልደሮቹ ከሾርትከቶቹ ጎን ይታያሉ። ገና አይክፈቷቸው።

ደረጃ 6፦ ሾርትከቶቹን ያጥፉ

ይህ ከደረጃ 5 በኋላ የሚመጣው በምክንያት ነው፦ የማጥፊያው ትእዛዝ የተደበቀ ፋይል አያገኝም። መስመሩን ያንብቡ፤ ኢ:\> ነው? እንግዲያው፦

ዲ ኢ ኤል ስፔስ /ፒ ስፔስ *.ኤል ኤን ኬ

/ፒ እያንዳንዱን ሳያጠፋ እንዲጠይቅዎ ያደርጋል። ስሙን አንብበው ለማጥፋት ዋይ፣ ለመተው ኤን ብለው ኢንተር ይጫኑ። በዚህ መስኮት የጠፋ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ «ኮከብ ነጥብ ኮከብ» የሚለውን ከዚህ ትእዛዝ ጋር ፈጽሞ አይጻፉ፤ ሰነድዎን አብሮ ይጠርገዋል።

ደረጃ 7፦ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ

ፍላሹ ላይ የቫይረሱ ፋይል አሁንም አለ። አንድ በአንድ እያደኑ ከማጥፋት ይልቅ የራስዎን አውጥቶ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይሻላል። መጀመሪያ ማስቀመጫ ፎልደር ይፍጠሩ፦

ኤም ዲ ስፔስ ሲ:\ኤፍ ኤል ኤ ኤስ ኤች

ቀጥሎ፦

ኤክስ ሲ ኦ ፒ ዋይ ስፔስ *.* ስፔስ ሲ:\ኤፍ ኤል ኤ ኤስ ኤች ስፔስ /ኢ ስፔስ /ኤች ስፔስ /ሲ ስፔስ /አይ

/ኢ የውስጥ ፎልደሮችን ሁሉ፣ /ኤች የተደበቀውንም ጨምሮ ይወስዳል። /ሲ አንዱ ፋይል እምቢ ቢል ሌላውን እንዲቀጥል ነው፤ /አይ ደግሞ መድረሻው ፎልደር መሆኑን ይነግረዋል። የተገለበጡት ፋይሎች ስም እየተዘረዘረ ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ ስንት ፋይል እንደተገለበጠ ይነግርዎታል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይያዙ።

«ኢንሳፊሸንት ሜሞሪ» ብሎ ቢቆም የራም ጉዳይ አይደለም። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ተደራርቦ የአድራሻው ርዝመት ከ254 ፊደል ሲያልፍ የሚመጣ መልእክት ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ሙሉ ርዕስ የፎልደር ስም የሚያደርግ ሰው በተለይ ይገጥመዋል። ያኔ፣ እንዲሁም ፍላሹ አርጅቶ አንዳንድ ፋይል ላይ ከተንጠለጠለ፣ ይህን ይጠቀሙ፦

አር ኦ ቢ ኦ ሲ ኦ ፒ ዋይ ስፔስ ኢ:\ ስፔስ ሲ:\ኤፍ ኤል ኤ ኤስ ኤች 2 ስፔስ /ኢ ስፔስ /አር:1 ስፔስ /ደብሊው:1

እዚህ ላይ 2 ቁጥሯ ከፊቷ ካለው ፊደል ጋር ተያይዛ ትጻፋለች። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሳይጽፉ አይለፉ። ካልተነገረው በቀር ይህ ትእዛዝ ያልተነበበለትን አንድ ፋይል በየ30 ሰከንዱ እስከ 1,000,000 ጊዜ ይሞክራል፤ አንዱ ብልሽት ሌሊቱን ሙሉ ያስቆመዋል። ሲያልቅ አዲሱ ፎልደር ሲ ላይ ላይታይ ይችላል፤ የፍላሹን ሥር የመደበቂያ ምልክት አብሮ ስለሚወስድ ነው። እንዲህ ያውጡት፦

ኤ ቲ ቲ አር አይ ቢ ስፔስ -ኤስ ስፔስ -ኤች ስፔስ ሲ:\ኤፍ ኤል ኤ ኤስ ኤች 2

ስም የለሹ ፎልደር የነበረዎት ሰዎች፦ ሲ ላይ የተገለበጠውን በፋይል ኤክስፕሎረር ይክፈቱ። ስሙ ባዶ የሆነውን ፎልደር አንዴ ብቻ ተጭነው ኤፍ 2 ይምቱ፤ ስም ይስጡት። ከዚያ እንደ ማንኛውም ፎልደር ይከፈታል።

ደረጃ 8፦ ስካን ያድርጉ፣ ያረጋግጡ

ሲ ላይ ያለውን ፎልደር በቀኝ ክሊክ ተጭነው በማይክሮሶፍት ዲፌንደር ስካን ያስደርጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ምርጫው ካልታየ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ ይፈልጉት። ከዚያ የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ ቪው ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ያብሩ። በቪ ቢ ኤስ፣ በጄ ኤስ፣ በኤስ ሲ አር ወይም በኢ ኤክስ ኢ የሚያልቅ፣ እርስዎ ያላስቀመጡት ነገር ካለ ሳይከፍቱ ያጥፉ።

ቀጥሎ በጣም የሚፈልጓቸውን ሦስት አራት ፋይሎች በትክክል ይክፈቱ። ስሙን ማየት አይበቃም፤ የዎርዱን ፋይል እስከ መጨረሻው ገጽ ይውረዱበት፤ ቪዲዮውን መሐሉን ያጫውቱ። ይህን ሳያደርጉ ወደ ደረጃ 9 አይለፉ።

ደረጃ 9፦ ፍላሹን ለቀው ፎርማት ያድርጉ

ጥቁሩ መስኮት ኢ ላይ እንደቆመ ፍላሹን ላስወግድ ቢሉ ዊንዶውስ «በሥራ ላይ ነው» ብሎ ይከለክላል። መጀመሪያ ሲ: ብለው ይሻገሩ፤ ቀጥሎ ኢ ኤክስ አይ ቲ ብለው መስኮቱን ይዝጉ።

ፎርማቱን በማውስ ያድርጉት። በትእዛዝም ይቻላል፤ ግን የፊደል ስሕተት ሌላ ድራይቭ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፤ በማውስ የፍላሹን ስምና መጠን ፊት ለፊት ያዩታል። ፍላሹ 32 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ከሆነ ፋት 32 ይምረጡ፤ የማተሚያ ማሽኖችም ሆኑ ቴሌቪዥኖች በብዛት የሚያነቡት እሱን ነው። አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ግን ፋት 32 አይቀበለውም፤ ኤክስ ፋት ይምረጡ።

ሲያልቅ የተጣራውን ፋይል ይመልሱበት። ሲ ላይ ያለውን ቅጂ አያጥፉ፤ ቢያንስ ጽሑፉ ታትሞ እስኪጠረዝ ድረስ ይቆይ።

በሚቀጥለው ጊዜ ለማሳተም ሲሄዱ

ዋናውን ፋይል የያዘውን ፍላሽ ቤት ይተዉት። ሊታተም ያለውን ብቻ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው በሌላ ባዶ ፍላሽ ይውሰዱ፤ ወይም ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ከራስዎ ስልክ ይላኩ። ፒዲኤፍ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፦ የዎርድ ፋይል የእርስዎ የአማርኛ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ገጹ ይዘበራረቃል፤ ፒዲኤፍ ግን ብዙ ጊዜ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል። በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የራስዎን ቴሌግራም አይክፈቱ፤ ከከፈቱ ስልክዎ ላይ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ገብተው ያንን ኮምፒውተር ከዝርዝሩ ያስወጡ።

የግድ ፍላሽ መሰካት ካለብዎ ሚሞሪ ካርድ መቆለፊያ ባለው ማቀፊያ አስገብተው በካርድ ማንበቢያ ይጠቀሙ። መቆለፊያውን ወደ ታች አድርገው ሲሰኩ አብዛኛው ማንበቢያ ካርዱ ላይ መጻፍ ይከለክላል። ማንበቢያዎ መቆለፊያውን የሚያከብር መሆኑን ግን አስቀድመው ቤትዎ ይፈትሹ፤ ቆልፈው አንድ ፋይል ለመገልበጥ ይሞክሩ፤ ከተገለበጠ ያ ማንበቢያ ለዚህ አይሆንም።